የእማዬ ሲንጀር ቁጥር

በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. አንድ ማታ የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ደወለ። ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርስ «የእትዬ ሲንጀር አለች?» አለኝ። አለች አልኩት። «እንዳትሸጧት! አሮጌ ሲንጀር ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ነገር አለ። እዚህ ሰው በአስር ሺዎች በሚቆጠር ሪያል እየገዛ ነው። መርፌዋ አጠገብ ሞባይል አስጠጋ፤ መስመሩ ከተቋረጠ አለ ማለት ነው።»

ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። በዚያ ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በዚህ ወሬ ምክንያት የአሮጌ ሲንጀር ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር፤ የዓለም ጋዜጦችም ጽፈውታል። ፖሊስ ውሸት ነው ቢልም የሚሰማው አልነበረም። እኔ ደግሞ የኮሌጅ ክፍያ የሁለት ወር አልፎብኝ፣ ለእማዬ ለመንገር አፍሬ፣ ሌት እንቅልፍ አጥቼ የምገላበጥበት ጊዜ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሲንጀሯ መስኮቱ ሥር ነበረች። እማዬ እሷ ላይ ተቀምጣ የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሦስታችንን አሳድጋለች። የፔዳሏ ድምፅ ካልተሰማ ቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው ያለ ነበር የሚመስለን።

ሚያዝያ 23 እማዬ ለንግሥ አራዳ ጊዮርጊስ ስትሄድ ጠብቄ ሞባይሌን መርፌዋ አጠገብ አደረግሁና ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። መስመሩ አልተቋረጠም። ይልቅ እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። አርፌ አልተቀመጥኩም፤ «ውስጥ ሊሆን ይችላል» ብዬ መፍቻ አነሳሁ። የላይኛውን ክር የሚወጥረውን ክፍል ስፈታ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተፈናጥራ በጣውላው ወለል ስንጥቅ ገባች። ብፈልግ፣ ብፈልግ የለችም። ያለሷ ገጣጥሜ ተቀመጥኩ።

እማዬ ስትመለስ ለሠርግ የታዘዘ የአልጋ ልብስ ይዛ ተቀመጠች። ስፌቱ ከሥር እየተላላ ተንጨበረረ። ፈታችው፣ ደገመችው፣ እንደገና ፈታችው። «ምን ነካት? ትናንት ደህና አልነበረች?» አለች። እኔ መጽሐፍ የማነብ መስዬ ዝም።

በማግስቱ ከማህሙድ ሙዚቃ ቤት ወረድ ብሎ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ሽቦዋን በእጄ እየሣልኩ ሳስረዳቸው አቋረጡኝ።

«ቁጥሯ ስንት ነው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ያሳደገችህን መኪና ቁጥር አታውቅም? ሂድ ጽፈህ አምጣ። ሁሉም ሲንጀር አንድ አይደለም።»

ከቀኝ በኩል፣ ጨርቁ ከሚያርፍበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ፣ ከፍ ብላ የተሠራች ትንሽ መደብ አለች። አቧራውን ጠረግ ሳደርግ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት፣ «ኢ» እና «ጂ»፣ ከኋላቸውም ስድስት አኃዞች ብቅ አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼያቸው አላውቅም።

ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው «ስኮትላንድ» አሉ። ቀጥለውም ሽቦዋን ከአንዲት የቡና ቆርቆሮ ውስጥ አወጡ። ገንዘቡን ስሰጣቸው ግን እኔ መሄዱን ትቼ ነበር። እንዴት አወቁ?

ያን ቀን ከነገሩኝ፣ በኋላም የፋብሪካውን የቁጥር ዝርዝር ከማመሳከር ያገኘሁት ይህን ይመስላል። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ከ1900 በፊት የተሠራች ሲንጀር ቁጥር ብቻ እንጂ ፊደል የላትም። ከዚያ ወዲህ አንድ ፊደል ይቀድማል። «ዋይ» ካለ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው አጠገብ ካለው ክላይድባንክ ነው፤ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1935 ገደማ። በ«ኢ» የሚጀምሩ ጥንድ ፊደላት ከዚያ በኋላ የመጡ የዚያው ፋብሪካ ልጆች ናቸው። በ«ኤ» የሚጀምሩ ጥንድ ፊደላት ደግሞ ከ1924 ወዲህ የአሜሪካ፣ የኒው ጀርሲ ሥራዎች ናቸው። የሞዴሉ ቁጥር ከኋላው «ኬ» ካስከተለም ያው የክላይድባንኩ ነው፤ ፋብሪካው የቆመበት ቦታ ኪልቦዊ ይባል ስለነበር። በ1885 የተከፈተው ያ ፋብሪካ በ1980 ተዘግቷል። እዚህ ግን ስንት ቤት ውስጥ ዛሬም ይሰፋበታል!

የእማዬ መኪና ሌላም ምልክት ነበራት። አንገቷ ላይ ያለችው የናስ ባጅ ዙሪያዋ ሰማያዊ ሆኖ በእንግሊዝኛ «የመቶ ዓመት የስፌት አገልግሎት» ይላል፤ 1851 እና 1951 የሚሉ ዓመቶችም አሉበት። አይዛክ ሲንጀር አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1851 ነውና ባጇ የመቶኛው ዓመት ማስታወሻ ናት። በእኛ አቆጣጠር 1943 ገደማ መሆኑ ነው።

ይህን በደስታ ለእማዬ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «የሸጠልኝ ሰው የጣሊያን ጊዜ ናት ብሎ አሥር ብር አስጨምሮኛል!» ጣሊያን ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ የተሠራች ናት ብላት ለዚያ ሰው የማይጻፍ ስድብ ሰደደችለት። ከዚያ ዞር ብላ፣ «አንተስ ቁጥር ማየት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ። የደበቅሁትን ሁሉ አወጣሁት፤ ስልኩን፣ መፍቻውን፣ የኮሌጁን ዕዳ ጭምር። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ እስክታነባ ሳቀች።

«ቀይ ሜርኩሪ! ልጄ፣ እሷ ውስጥ የነበረውን ሁሉ እኮ እናንተ በላችሁት።»

ዕዳውን ከዕቁቧ ከፈለችልኝ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሳችም።

እኔ ግን ቁጥር የማንበብ አመል ያዘኝ። የሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው የስፌት መኪና ላይ ነው። ምናለሽ ተራ ወርጄ አንዷን ገዛሁ፤ ሁለተኛዋን ቆራሌው በኪሎ ሊወስዳት ሲል ከትከሻው አስወረድኳት። ይህችኛዋ ወርቃማ የስፊንክስ ሥዕል አለባት፤ የሰፊዋ እጅ ለዓመታት ያረፈበት በኩል ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። ሌሎች ሰብሳቢዎች ሥዕሉ ያልተነካውን ይመርጣሉ። እኔ የተፋቀውን እወዳለሁ።

ተታልዬም አውቃለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓኖች፣ ኋላም ቻይናዎች የሲንጀርን 15 ቁጥር ሞዴል አስመስለው በብዛት ሠርተዋል። መኪኖቹ መጥፎ አይደሉም። መጥፎው ላያቸው ላይ «ሲንጀር» የሚል ተለጣፊ ለጥፎ በአሮጌ ዋጋ የሚሸጠው ነው። ስለዚህ ስሙን አትመኑ። የናስ ባጇን እዩ፤ ከሌለች ጠርጥሩ። ቁጥሩን በጥፍራችሁ ዳስሱት፤ በብረቱ ላይ የተመታ እንጂ የተጻፈ መሆን የለበትም። እግሩ ላይ «ሲንጀር» ተብሎ በብረት መቀረጹም ዋስትና አይሆንም። እግርና ራስ ገበያ ላይ ይቀያየራሉና። ደግሞ እባካችሁ የምግብ ዘይት አትቀቧት፤ ሙጫ ሆኖ ያንቃታል። ሥዕሏንም በሽቦ አትፈትጉት።

እማዬ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ። በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ እኔ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ገብቼ ነበር። አምስት መኪና በደረጃ ስናወጣ ባለቤቴ የተናገረችውን እዚህ አልደግመውም። ዕቃ በሚወጣበት ሳምንት ግን ወደ ዶሮ ማነቂያ ተመላለስኩ። ምጣዱ፣ አልጋው፣ የቡና ረከቦቱ ሁሉ መንገድ ላይ ተደርድሯል። ቆራሌዎች ሚዛን ይዘው ቆመዋል።

በጣሊያን ጊዜ የተወለዱ አንዲት ጎረቤታችን ሲንጀራቸውን ከደጃፍ አውጥተዋል። ልጃቸው አዲሱ ቤት ቦታ የለም ብሏቸዋል። «ለቆራሌ ከምሰጣት ለእናትህ ልጅ ይሻላል፤ የፈለግኸውን ስጠኝ» አሉኝ። ዋጋ ከመናገሬ በፊት እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን በእጄ ጠረግሁ።

«ምን ትላለች?» አሉኝ።

«ዋይ ትላለች እማማ። ቢዘገይ ቢዘገይ 1928 ዓ.ም. ነው የተሠራችው።»

ጥቂት ዝም ብለው በጣታቸው ቆጠሩ።

«ታላቄ ናት በለኛ!»

«ታላቅዎ ናት።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና የመኪናዋን መዘውር በመዳፋቸው ያዙ። «በል እንግዲያው ልጄን ጥራልኝ፤ አልሸጥኩም» አሉኝ። እኔና ልጃቸው በሁለት በኩል ይዘን የጭነት መኪናው ላይ ጫንናት፤ ከኋላችንም «ቀስ! ቀስ በሉ!» ይሉ ነበር።