የትኛው ዓለማየሁ?

አንደኛ ዓመት ሳለን ደብረ ማርቆስ ላይ ስለምንወዳቸው መጻሕፍት እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔም ሦስት መረጥኩ፤ ፍቅር እስከ መቃብርን፣ የዓለማየሁ ሞገስን የግዕዝ ሰዋስውና ዓለማየሁ ገላጋይ ስለ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የጻፈውን። ለማሳጠር ብዬ ሦስቱንም ደራሲዎች «ዓለማየሁ» እያልኩ ጠቀስኳቸው። መምህራችን «የትኛው?» ብለው በቀይ አሰመሩበት። ለካስ ልቦለድ፣ ሰዋስውና የሕይወት ታሪክ የአንድ ሰው አስመስዬ ኖሯል!

ነገሩን ሳስበው፣ የሁለቱ ዓለማየሁ የራሳቸው መጠሪያ ነው። የእኛው የጎጃሙ ሐዲስ ግን ዓለማየሁ አባታቸው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ልቦለዱ ሲታተም፣ የአባትየው ስም ሽፋኑ ላይ አብሮ ወጣ፤ እኔ ደግሞ ልጁን ትቼ አባቱን ደራሲ አደረግሁ።

የእኔ አባት ፊደል አልቆጠረም። ከዚያ ወዲህ ግን ወረቀት ሳስረክብ ስሙን በአንድ ፊደል አላሳጥርም፤ ሙሉውን እጽፈዋለሁ።