የበረዶ አደራ

አደራ ተቀባይ ሁሉ አደራውን እንደ ተቀበለው አይመልስም። ይህን አሳብ ያሳደረብኝ፥ መስከረም 8 ቀን 1984 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1991) በኢጣልያና በኦስትሪያ ወሰን አጠገብ፥ በ3,210 ሜትር ከፍታ ላይ የተገኘው ሬሳ ነው። ያገኙት ሁለት ተራራ ወጪዎች በቅርብ ጊዜ የሞተ ሰው መሰላቸው፤ በምርመራ ግን ከ5,000 ዓመት በላይ በበረዶ ተቀብሮ የኖረ መሆኑ ታወቀ። ከኦትስታል ተራሮች ስም ወስደው ኦትዚ አሉት።

የበረዶ ግግር ቁልቁል የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ፥ ያገኘውን ሬሳ ይፈጫል። ኦትዚ ግን በዐለት መካከል ባለ ጎድጓዳ ስፍራ በመተኛቱ፥ ግግሩ በላዩ አለፈ እንጂ አልጎተተውም። ቢሆንም ጠባቂው ዋጋውን ሳይወስድ አልቀረም። በግንባሩ ተደፍቶ ነበርና ከላይ የተጫነው ክብደት አፍንጫውንና የላይኛውን ከንፈሩን አጣመመ፤ የግራ ጆሮውንም አጠፈው። ብርዱ የሰውነቱን ውሃ ስለ መጠጠው፥ በሕይወቱ 50 ኪሎ ያህል ይመዝን የነበረው ሰው ዛሬ 13 ኪሎ ያህል ነው። የላይኛው ቆዳው ተገፈፈ፤ ፀጉሩና ጥፍሩም ረገፈ።

እንግዲህ ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው፥ ያንን የተጣመመ ፊት አይቶ «ምን ዓይነት አስፈሪ ሰው ነበር!» ሊል ይችላል። ነገር ግን ያየው የበረዶውን ሥራ እንጂ የሰውዬውን መልክ አይደለም።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። የቆዳውን መጥቆር ብዙዎች የበረዶውና የዘመኑ ሥራ አድርገውት ነበር። በ2015 ዓ.ም. (በኤውሮጳ 2023) ከአጥንቱ የተወሰደው ዲ.ኤን.ኤ. ተመርምሮ ሲገለጽ ግን፥ በሕይወቱም ቆዳው ጠቆር ያለ እንደ ነበረ፥ ወደ ራሰ በራነትም ያዘነብል እንደ ነበረ ታየ። ብርድ ገደለው ሲባልም ኖሮ፥ በ1993 ዓ.ም. (በኤውሮጳ 2001) በራጅ ሲታይ በግራ ትከሻው ውስጥ የፍላጻ ጫፍ ተገኘ። የተገደለው በሰው እጅ ነበር።

በየመሥሪያ ቤታችን ባለጉዳይ ሲገባ አስቀድሞ የሚታየው ፊቱ ነው። አንዱን ችግር አጎሳቁሎታል፤ ሌላውን ደጅ መጥናት አኮሳትሮታል። ከፊቱ በስተጀርባ ያለውን ቍስል ግን የሚያይ ጥቂት ነው። ሊቃውንት ለአንድ ሙት ይህን ያህል ዓመት ደክመው፥ የራሱ የሆነውንና ጫና ያመጣበትን ከለዩለት፥ በፊታችን ቆሞ መናገር ለሚችለው ሕያው ሰው ጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት መንፈግ አይገባንም።