ዳማ ጸጉር ከየት ይመጣል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቀይ ጸጉር ማየት ብርቅ አይደለም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከመስጊድ ከሚወጡት አባቶች መካከል ጢማቸውን ሂና የሞቁ አይጠፉም። ያ ቅላት የተቀባ ነውና ከየት መጣ የሚል የለም። ጥያቄው የሚነሳው ጥቁር ጸጉር ካላቸው ወላጆች ጸጉረ ዳማ ሕፃን ሲወለድ ነው።

በእኛ ቤተሰብ ይህ ደርሷል። ኮምቦልቻ የምትኖረው የወንድማችን ሚስት የወለደቻት ልጅ ጸጉሯ ቀላ፣ ቆዳዋም ከሁላችንም ፈካ ያለ ነበር። አራስ ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች «ማሻአላህ» ብለው፣ ከበር ሲወጡ ግን «በማን ወጣች?» እያሉ ተንሾካሾኩ። ወሬው ከአራሷ ጆሮ ደረሰ። ወንድማችንም ዝም አለ፤ ከሐሜቱ ይልቅ የባሏ ዝምታ አቆሰላት። ከደሴ በሐረጎ ወርደን ሁለቱንም ከነልጃቸው ወደ ሐኪም ወሰድናቸው።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ምግብ ነው። ጥቁር የነበረ ጸጉር በኋላ ከቀላና ከሳሳ፣ እግርና ፊትም ካበጠ፣ ክዋሽዮርኮር የተባለው የከፋ የምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል። ስሙ ከጋና የጋ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ታናሹ ሲወለድ ጡት የሚነፈገውን ልጅ ሕመም ያመለክታል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያለፈችው ወሎ ይህን ምልክት በሚገባ ታውቀዋለች። እንዲህ ያለ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

የእኛዋ ግን ጸጉሯ ከልደቷ ጀምሮ ዳማ ነው፤ ጡትም በደንብ ትጠባለች። ሐኪሙ ከአልቢኒዝም ዓይነቶች አንዱ መሆኑን ነገረን። ልጅ የጸጉሩን ቀለም የሚወስነውን ዘረመል አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ይወስዳል። ጉድለት ያለበት አንድ ብቻ ከሆነ ተደብቆ ይኖራል፤ ከሁለቱም ወገን ሲገናኝ ይገለጣል። ሁለቱም ወላጆች ሳያውቁት ከያዙት፣ በእያንዳንዱ እርግዝና የመገለጥ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የአውሮፓውያን ቀይ ጸጉርም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ይወረሳል፤ የእነሱ ዘረመል ግን ሌላ ነው፤ ከጸጉሩ ጋር ያለው ዝምድናም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እንግዲህ «በማን ወጣች?» ለሚለው መልሱ «በአባቷም በእናቷም» ነው።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ አንድ የገጠር ዐረብ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደች ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገራቸው። እሳቸውም ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት። ቀያይ እንደሆኑ፣ በመካከላቸው ግን አመድማም እንዳለ መለሰ። ያ ከየት መጣ ቢሉት፣ ምናልባት የዘር ሥር ስቦት ይሆናል አለ። የልጁም ነገር እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል አስረዱት፤ ልጁን እንዲክድም አልፈቀዱለትም።

ወንድማችን ዛሬ ልጁን አቅፎ ገበያ ይወጣል፤ ለጠየቀው ሁሉ «የእኔም የእናቷም ዘር ናት» ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ባርኔጣና እጅጌ ረዥም ልብስ አልብሱት፤ ከጠራራ ፀሐይ ጠብቁት፤ ዓይኑንም አስመርምሩ። እናቱንም ከሰው አፍ ጠብቋት።