የይስሙላ ምርጫ፣ በባለቤት ዓይን

«የይስሙላ ምርጫ» የሚል ሐረግ ሲሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ምን ትዝ እንደሚለው አውቃለሁ። ውጤቱ ከድምፅ መስጫው ቀን ቀድሞ የታወቀ፣ ኮሮጆው ለወጉ ያህል የሚዞርበት ነገር ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሌላ የይስሙላ ምርጫ ነው። ይስሙላ መሆኑን ከመነሻው ስለሚናገር ከዚያኛው ይልቅ ሐቀኛ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ አሜሪካ በየዓመቱ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ድረስ ቁጥር ስፍር የሌለው ሕዝብ፣ የትኛው የፉትቦል ቡድን የትኛውን ተማሪ ሊቀጥር እንደሚገባው ወረቀት ዘርግቶ ሲመርጥ ይከርማል። ደመወዝ አይከፈልበትም፤ የሚያዳምጠው ቡድንም የለም። ሆኖም እንደ ቁም ነገር ይጣላበታል።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ኤን.ኤፍ.ኤል. የተባለው ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ወጣቶች ተሻምተው አይቀጥሩም፤ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ዓመት ጭራ የሆነው ቡድን ቀድሞ፣ ዋንጫውን ያነሣው ደግሞ መጨረሻ ይመርጣል። ይህ ሰባት ዙር ይዞራል። በ2025 በግሪን ቤይ በተካሄደው ምልመላ 257 ወጣቶች ተመርጠዋል። የተመረጠው ልጅ ከመረጠው ቡድን በቀር በሊጉ ውስጥ ከማንም ጋር ሊዋዋል አይችልም። ይህን ሥርዓት «ድራፍት» ይሉታል። አዲስ አበባ ላይ ድራፍት ማለት ከበርሜል የሚቀዳ ቢራ ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን ያው ቃል የግዳጅ ውትድርና መጠሪያም ነው። በደርግ ዘመን ብሔራዊ ውትድርናን ያየ ሰው ቃሉን ሲሰማ ጆሮው ቢቆም አይፈረድበትም። በእርግጥ ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለውን ወጣት ከአፈሳ ጋር ማመሳሰል ነውር ነው፤ እኔም አላመሳስልም። ስሙን ያወጡለት ግን እነርሱ ናቸው።

እኛም በአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂንያ፣ በአንድ ሐበሻ ቡና ቤት የኋላ ክፍል ይህንኑ ጨዋታ ከጀመርን ዓመታት አለፉ። ስምንት ነን፤ ለእያንዳንዳችን አራት አራት ቡድን ይደርሰናል። ታክሲ ነጂ፣ ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪና ሌሎችም አሉበት። ለመሆኑ ሐበሻን ከዚህ ጨዋታ ጋር ምን አገናኘው? ታክሲ ተራ ላይ ሰዓት የሚገፋ ሰው ሬዲዮ ይሰማል፤ እዚህ የተወለደ ልጅ ያለው ደግሞ የልጁን ቋንቋ ይማራል። የመጀመሪያው ዙር ብቻ አራት ሰዓት ይፈጅብናል። እመሰክራለሁ፣ ጓደኞቼ የሚያውቁት ነገር ያስደንቃል። የአገራችንን ሚኒስትሮች ስም የማይዘረዝር ሰው፣ ኦሃዮ ውስጥ ያለ የ21 ዓመት ልጅ የትኛው ቁርጭምጭሚቱ እንደተወለመ ይነግርሃል።

እኔን ያሳሰበኝ አነጋገራቸው ነው። «ጉልበቱ አንዴ ተቀዷል፣ ተውት» ትላለች ነርሷ። «እጁ ትንሽ ነው፤ በብርድ ኳሷ ታመልጠዋለች» ይላል ሌላው። «ሃያ አራት ሞልቶታል፤ አርጅቷል።» ይህ የራሳቸው ፈጠራ አይደለም። ሊጉ ከ1987 ጀምሮ ዕጩዎቹን በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ሰብስቦ ይመዝናል፤ የክንዳቸውን ርዝመትና የመዳፋቸውን ስፋት ይለካል፤ 40 ያርድ ያስሮጣቸዋል፤ 102 ኪሎ የሚሆን ብረት ስንት ጊዜ እንደሚገፉ ይቆጥራል። አባቱ ከብት ነጋዴ የነበሩት የሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛችን «አባቴ በሬ ሲገዙ ጥርሱን ያዩ ነበር፤ እኛ የአርባ ያርዱን ሰዓት እናያለን» ብሎ አሳቀን። እኔም ስቄያለሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥነው ሁላችንም ደመወዝተኞች ነን። ቡድን ቀርቶ ሱቅ ያለው አንድም የለንም። ወረቀቱ ሲዘረጋ ግን ስምንታችንም ባለቤት እንሆናለን። «ይህን በርካሽ እናገኘዋለን»፣ «ያንን እንሽጠው» እንላለን። ተጫዋቹን ሆኖ የተቀመጠ ማንም የለም፤ የጨዋታው ሕግም ለእርሱ ወንበር አላዘጋጀም።

በተለይ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪያችንን ልጥቀስ። በዕድሜ ስለሚበልጠን ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። የሚሠራበት ኩባንያ ዘጠኝ ዓመት ከቆየበት ቦታ አንስቶ፣ ሁለት አውቶቡስ ወደሚያስለውጥ ሌላ ፓርኪንግ በአንድ የስም ዝርዝር መድቦት ነበር። አቤቱታውን ለሠራተኛ ማኅበሩ አቅርቦ፣ ግልባጩን በኮቱ ኪስ ይዞ ይዞር ነበር። ያን ሰሞን በአንዱ ምሽት፣ የመረጣቸውን ቡድን እምቢ ያሉ ተጫዋቾችን ነገር አነሣሁ። ጆን ኤልዌይ በ1983 ለባልቲሞር አልጫወትም ብሎ ወደ ዴንቨር ተዛወረ፤ ኢላይ ማኒንግ በ2004 ሳን ዲዬጎን እምቢ ብሎ ኒው ዮርክ ገባ። ጋሼ ጠረጴዛውን መታ። «ሕግ ሕግ ነው! የተመደበበት ይሂድ!»

«ጋሼ፣ የእርስዎስ ምደባ?» አልኩት።

«የኔ ሌላ ነው። እኔ ሠራተኛ ነኝ።»

ምደባ የሚለው ቃል እኛ ስናድግ ባዕድ አልነበረም። ከስምንታችን አራቱ መጀመሪያ ያልሞሉትን የትምህርት ክፍል በምደባ ያገኘን ነን፤ ነርሷ ሕግ ብላ ሞልታ ነርሲንግ ደረሳት። ሐኪሞች በዕጣ ወደየክፍለ ሀገሩ ሲበተኑ አይተናል። ያኔ ሁሉ ያማርር ነበር። ዛሬ መዳቢ ሆነን ስንቀመጥ ግን ምሬቱን ያስታወሰ የለም።

ሥርዓቱ ከየት መጣ? በርት ቤል የሚባል የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት ነበር። ቡድኑ ይሸነፋል፤ ጥሩ ተጫዋቾች ደግሞ ገንዘብና ዝና ወዳላቸው ቡድኖች ይሄዳሉ። በ1935 የተራ ምርጫን ሐሳብ ለባለቤቶቹ አቀረበ፤ ተቀበሉት። የመጀመሪያው ምርጫ በፌብሩዋሪ 1936 እዚያው ፊላደልፊያ በአንድ ሆቴል ተካሄደ። የታሪክ ምጸት ሆኖ ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር በሊጉ አንድም ቀን አልተጫወተም። በደመወዝ ስላልተስማማ የስፖንጅ ላስቲክ ሻጭ ሆነ። የመጀመሪያው ተመራጭ የመጀመሪያው እምቢ ባይ መሆኑ ነው።

ለቤል ነገር ፍትሕ ልስጠው። ደካማው ቀድሞ ይምረጥ ማለት መልካም ሐሳብ ነው። ከቴሌቪዥን ገቢ እኩል ክፍፍል ጋር ተደምሮ፣ ከበርቴ ባለቤት የሌላት፣ ነዋሪዋ መቶ ሺሕ ገደማ የሆነ ግሪን ቤይ ከኒው ዮርክ ጋር ትከሻ ለትከሻ እንድትጋፋ ያደረጋት ይህ ነው። የእንግሊዝን እግር ኳስ የምንከታተል ሁሉ ገንዘብ ያለው ቡድን ምን እንደሚያደርግ አይተናል። የካፒታሊዝም መዲና በሆነችው አገር ባለጠጎች እርስ በርሳቸው እንዲህ ያለ መተዛዘን ማስፈናቸው ያስቀኛል። ጥያቄዬ ሒሳቡን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ባለቤቶቹ ሲተዛዘኑ የሚቀንሰው የተመራጩ ልጅ የመደራደር አቅም ነው።

ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት ያደረሰ ሰው ነበር፤ ያውም እዚሁ ዋሽንግተን። ያዙ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ጄምስ ስሚዝ በ1968 በዋሽንግተን ቡድን በመጀመሪያው ዙር ተመረጠ። በመጀመሪያ ዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ አንገቱ ተጎዳ፤ በዚያው ቀረ። ነጻ ገበያ ቢኖር ኖሮ ለጉዳት ጊዜ የሚሆን ዋስትና ያለው ውል አገኝ ነበር ብሎ ከሰሰ። በ1976 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ድራፍቱ የንግድ ውድድርን የሚከለክል፣ ሕግ የሚጥስ አሠራር ነው ብሎ ፈረደ፤ የይግባኝ ሰሚው ችሎትም በ1978 ጥሰቱን አጸና። ታዲያ ድራፍቱ ለምን አልቀረም? በመካከሉ፣ በ1977፣ የተጫዋቾች ማኅበር በኅብረት ስምምነት ስለተቀበለው ነዋ። ማኅበር ተደራድሮ የፈረመበትን ነገር የውድድር ሕጉ አይነካውም። የፈረሙት አስቀድመው ሊጉ ውስጥ የነበሩት ናቸው፤ ገና የሚመጣው ልጅ አባል አይደለም፣ ድምፅም የለው።

የዚህ ትርጉም በ2011 በቁጥር ታየ። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 50ው ዋስትና ያለው። በ2011 አዲስ ስምምነት መጣ፤ የዚያ ዓመት አንደኛ ካም ኒውተን በአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ፈረመ። በአንድ ዓመት ልዩነት! ያን ጊዜ በሬዲዮ የሰማሁት ደጋፊ ሁሉ «እሰይ፣ ቡድናችን ገንዘብ ተረፈለት» ይል ነበር። ተረፈ የተባለው ገንዘብ የእርሱ ቢሆን ኖሮ ደስታው በገባኝ።

እነዚህ ሁሉ ሚዛኖችና ሜትሮች ቢያንስ እውነቱን ይናገሩ ይሆን? ቶም ብሬዲ በ2000 በ199ኛ ተራ ተመርጦ ሰባት ዋንጫ አነሣ። ብሮክ ፐርዲ በ2022 የመጨረሻው፣ 262ኛው ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ በታላቁ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ቡድኑን መራ። በ2025 ብዙዎቹ የይስሙላ መራጮች በመጀመሪያው ዙር ያስቀመጡት ሸዱር ሳንደርስ እስከ 144ኛ ወረደ። ማሲና ቴለር የተባሉ ሁለት ምሁራን እንዳሰሉት፣ ቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች በዚያው ቦታ ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የመብለጡ ዕድል 52 ከመቶ ነው። ሳንቲም ከመወርወር በጥቂት ይሻላል።

ወደ እኛ ጠረጴዛ ልመለስ። የታላቅ እህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው፤ ሜሪላንድ በሚማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህንኑ ፉትቦል ይጫወታል። ጽሕፈቱ ስለሚያምር ጸሐፊያችን አድርገነዋል፤ የተመረጠውን ሁሉ በካርድ ላይ ይጽፋል። ባለፈው ምልመላችን በዙር መካከል ታክሲ ነጂው «ይሄን ልጅ በስንተኛው ዙር እንውሰደው?» አለ፤ ቀልድ ነበር። ግን አልቀረም። ቁመቱ ያንሳል ተባለ፤ ወገቡ ተመሰገነ፤ «የእናቱን ወንድሞች እይ፣ አያድግም» ተብሎ እኔም ተመዘንኩ። ልጁ እንደ ልማዱ የሰማውን ጻፈ። ስሙንና ከሥሩ «7ኛ ዙር» ብሎ። ከእኛ ጋር ሳቀም።

ካርዱን እህቴ ሱሪውን ስታጥብ ከኪሱ አገኘችው፤ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ልጄን ስንት አላችሁት?»

«ጨዋታ ነው፣ እትዬ። ይስሙላ ነው። የሚገዛው የለም።»

«የማይገዛ ሰው ታዲያ ምን አስረከሰው?»

መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ዘንድሮ እንገልብጠው። ቡድኖች ተጫዋች መምረጣቸው ይቅርና ተጫዋቾች ቡድን ይምረጡ። ለእያንዳንዳችን አራት አራት ወጣት ይድረሰን፤ ጎበዙ ቀድሞ ይምረጥ፤ አንድ ቡድን አንድ ሰው ብቻ ይውሰድ። አጉረመረሙ፤ ተስማሙ። ያን ምሽት ለዓመታት ያልተጠየቁ ጥያቄዎች ተጠየቁ። የትኛው ሜዳ የተፈጥሮ ሣር፣ የትኛው ሰው ሠራሽ ነው? ቴክሳስና ፍሎሪዳ የግዛት የገቢ ግብር የለባቸውም አይደል? የልጁ እናት የት ነው የምትኖረው? ነርሷ በ2023 የተጫዋቾች ማኅበር ቡድኖቹን በምግብ፣ በሕክምናና በቤተሰብ አያያዝ ነጥብ የሰጠበትን ዝርዝር ይዛ መጣች፤ በየተራው እርሱ ይነበብ ጀመር። የእህቴ ልጅም ሲጽፍ እጁን እያነሣ «አጎቴ፣ እኔ ብሆን እዚያ አልሄድም» ይል ነበር።

ወደ መጨረሻው ስንደርስ አንድ ተጫዋችና አንድ ቡድን ብቻ ቀሩ። ተጫዋቹ የጋሼ ነበር። ቡድኑ ብርዳም ከተማ ያለ፣ ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ፣ አሠልጣኙ ገና የተባረረበት ነው። ጋሼ ካርዱን ጨብጦ ዝም አለ።

«እንጻፈው፣ ጋሼ?» አለ ልጁ።

«አይጻፍም። አልሄድም።»

«ሌላ ቡድን እኮ አልቀረም» አልነው።

«እንግዲያስ ቤቱ ይቀመጣላ! ማን ያስገድደዋል?»

ቡና ቤቱ ተዘግቶ መብራት እስኪጠፋብን ድረስ ተከራከርን፤ 32ኛው ካርድ ባዶውን አደረ።

ቸር እንሰንብት።