መንገዱ ቢዞርም ወረታ ያገናኛል

የደብረ ታቦር ሰው በአውሮፕላን ለመጓዝ ሲያስብ መጀመሪያ ቁልቁል መውረድ አለበት። ከተማይቱ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተምሥራቋም ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ ይታያል። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ ወረታ ሲደረስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ባሕር ዳር፣ ቀኙ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር።

ሁለቱም ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። በክረምት ጉም ሲወርድ ወይም ነጎድጓድ ሲበረታ ባሕር ዳር ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሊዞር ይችላል። ያን ጊዜ ማጉረምረም ይበዛል። በተለይ ለጀናዛ የሚቸኩል ሰው ሐዘኑ እጥፍ ይሆናል፤ ቀብር አይቆይምና።

ውድ አንባቢያን! ይህ መዞር ግን አስቀድሞ የታሰበበት ነው። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ተለዋጭ ማረፊያ ተመርጦ በበረራ ዕቅድ ላይ ይሰፍራል። እዚያ የሚያደርስ ነዳጅ፣ ከዚያም በላይ ለ30 ደቂቃ በአየር ላይ የሚያቆይ መጠባበቂያ ይጫናል።

ጥንቃቄው ከንቱ አለመሆኑን አካባቢው ያውቃል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሳ የነበረ ቦይንግ 737 ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ። አብራሪዎቹ ጉዞውን ትተው ለመመለስ ዞሩ፤ ሁለቱም ሞተሮች ግን በየተራ ጠፉ። አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሲሞቱ 69ኙ ተረፉ።

«የተጻፈ አይቀርም፣ ታዲያ መዞሩ ለምን?» የሚል ወጣት ቢኖር የኸሊፋው ዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ ያስታውስ። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ስፍራ የወረርሽኝ ወሬ ሰሙ፤ ሰሓቦችን አማክረውም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄድ መሆኑን አስረዷቸው።

ጎንደር ያረፈው መንገደኛ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ያችው ወረታ ይደርሳል፤ ከባሕር ዳር ቢሆን 60 ገደማ ነበር። ጀናዛው ቢያመልጠው እንኳ የዱዓእ በር አልተዘጋበትም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ትጠርግ ለነበረችው ሴት ከተቀበረች በኋላ መቃብሯ ላይ ሰግደውላታል። ቤተሰብም ዘግይቶ የደረሰውን ከመውቀስ በፊት «አልሐምዱሊላህ» ይበል።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን። አሚን።