ጭቃ ያቦካው ሰው

አራዳና አምስት ኪሎ ላደግን ልጆች የጭቃ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕር ዛፍ እንጨት ይቆማል፤ በማገር ይያያዛል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል፤ ከላይ ቆርቆሮ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የብዙዎቹ ሆድ ዕቃ ወጥቶ ስናየው ያው እንጨትና ጭድ ነበር።

ታዲያ ይህ ቤት ከገጠር ይዞት የመጣው ጭቃውን ብቻ ሳይሆን ልማዱንም ጭምር ነው። በጎጃምም ሆነ በጎንደር ገጠር ጎጆ የሚቀልስ ሰው ደቦ ይጠራል። እንጨቱን የሚሸከመው፣ ጭቃውን በእግሩ የሚረግጠው፣ ሣሩን የሚከድነው ጎረቤት ነው። የቤቱ እመቤት ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ ትጠብቃለች። (እሷን ከደቦው ቁጥር የሚያስገባት ባይኖርም ከሁሉም ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።) ቤቱ ሲያልቅ ቄስ ጠበል ይረጫል፣ ቡና ይፈላል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። በጣራው ጫፍ ላይ የሚደፋው ሸክላ ጌጥ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሣሩ ከምሶሶው ጋር በሚገናኝበት በኩል ዝናብ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው።

ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ይህን ሁሉ «ኋላ ቀር እምነት» ብለው በአንድ ቃል ጠቅልለው ያልፉታል። እኔ አልስማማም።

አምና ክረምት የአያቴ ማድ ቤት አንድ ጎኑ ተናደ። አጎቴ ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጥሮ አሠራው፤ ሒሳባቸውንም እዚያው ከፈለ። አያቴ ግን ሰዎቹ ሳይበሉ ሳይጠጡማ እሳት አላነድበትም ብላ ድርቅ አለች።

«ብራቸውን ወስደዋል እኮ!» አላት አጎቴ።

«ብሩ የጉልበታቸው ነው። ቅር ብሎት የሄደ ሰው የሠራው ቤት ምን በረከት አለው?»

ልጅ ተላከና ሠራተኞቹ ከታክሲ ሰልፍ ተመለሱ። ሽሮ በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ መረቁ። ከዚያ አንደኛው ማንም ሳይነግረው ብድግ ብሎ፣ በበሩ አጠገብ በደንብ ያልጠበቀ ማገር ላይ ሁለት ምስማር መታበት።

የሚገርመው ይህ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። በቻይና ገጠር በልማዱ የጣራው አናት አግዳሚ እንጨት የሚሰቀለው መልካም ቀን ተመርጦ፣ ቀይ ጨርቅ ወይም ቀይ ወረቀት ታስሮበት፣ ርችት እየተተኮሰ ነው፤ አናጢዎቹም ይጋበዛሉ። ሉ ባን የሚባለው ጥንታዊ ባለሙያ የአናጢዎች አባት ተብሎ ይከበራል። በእሱ ስም በሚጠራው የአናጢዎች መጽሐፍ ውስጥ፣ የተከፋ አናጢ በቤቱ ውስጥ ደብቆ ስለሚተዋቸው የድግምት ዕቃዎች ተጽፏል። ድግምቱን እመኑ አልልም። ግን ያ ፍርሃት ማንን ይጠብቅ ነበር? የሰው ቤት ሠርቶ ማታ ወደ ጎጆው የሚመለሰውን አናጢ አይደለምን?

እኛ እጩ መምህራን ነገ ከነገ ወዲያ ገጠር ስንመደብ፣ የምንገባበት ቤት ምናልባት የአካባቢው ሕዝብ በጉልበቱ ያቆመው ይሆናል። ምርቃቱ ሲረዝምብን ሰዓታችንን እያየን ልንቆም ነው? አያቴን ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቃት፣ «ቡናውን ከራስህ ደመወዝ ግዛ» ከማለት ሌላ አልጨመረችም።

ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከደቡብ የመጣችሁ ጓደኞች፣ በእናንተ አገር ምሶሶ ሲቆም ምን ይደረጋል? ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ስጡ። ምሶሶ የሌለው ኮንዶሚኒየም የገባችሁም ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን ቡና ከማን ጋር እንደጠጣችሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።