መርከባችን በሳንቶሪኒ ደሴት በቆመ ጊዜ

በግሪክ ባሕር ባለችው በሳንቶሪኒ ደሴት መርከባችን የቆመው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። አስጐብኚ ሳንይዝ ከቤተ ሰቦቻችን ጋራ ለመዞር ስለ ቈረጥን፣ አስቀድመን የቈጠርነው የመመለሻውን ሰዓት ነው፤ መርከብ በራሱ ፈቃድ የሄደውን መንገደኛ አይጠብቅምና።

በጀልባ ወደ ምድር ተሻገርን። ወደ ፊራ ከተማ ገደሉን የወጣነው በሽቦ ገመድ በሚሳበው ሠረገላ ነው። ከዚያም በአውቶቡስ ኦይያ ደረስን። ጥንት እሳተ ገሞራ አፍርሶት ባሕር የገባበትን ሰፊ ቦታ ቍልቍል እያዩ ልጆቹ እንሂድ ብንላቸው እንቢ አሉን፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አልበረታንባቸውም።

ስንመለስ በሠረገላው በር ያለው ሰልፍ ጫፍ አልነበረውም። ለዚህ ጊዜ አልተውንለትም ነበር። በቅሎ የሚያከራዩም ነበሩ፤ ነገር ግን ቍልቍለቱን ፈራን። ታናሺቱን አዝለን ከ500 የሚበልጠውን ደረጃ በእግራችን ወረድን። የመጨረሻው ጀልባ ገመዱን ሲፈታ ደረስን።